ለአባቴ የተከልኩት ድንች

አባቴን ከትሪው ያስነሣኋቸው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያለችው "ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ ድንች፣ ዳቦ፣ ፓስታ ይቀንሱ፣ የሚበሉት መጠኑ ይታወቅ" ብቻ ነው። ከሦስት ሰው ጋር በአንድ ትሪ እየበሉ መጠን እንዴት ይታወቃል? እኔ ደግሞ መለካት የለመድኩ ሰው ነኝ። የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ እየገለበጥኩ የተጣመመ ስፌት እፈልጋለሁ። በዚያው ቅዳሜ አቃቂ በሰቃ ገበያ ወርጄ ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ሰሃን ገዛሁና "አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ለብቻ ይቀርባል" አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አባቴ በቀላሉ እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን በቶርኖ ማሽን ብረት ሲቀርጹ የኖሩ፣ ከአለቃ ጋር ፀጉር በምታህል ልዩነት ተጣልተው ሥራውን እንደገና የሚያስጀምሩ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ሰሃኑን ተቀብለው ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና "ደግ፣ ይሻላል" አሉ። መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ለብቻቸው በሉ። ገረመኝ፤ ደስም አለኝ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልዘለቀም። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ከአባቴ ጋር በእሳቸው ቤት ነው የምንኖረው፤ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ ድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች በሠሩት ሰፈር። ቀን ቀን ሁላችንም የየራሳችን ነን። እኔ በሰርቪስ ወደ ፋብሪካ፣ ባለቤቴ ሳሪስ ወዳለው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ፣ ልጄ ትምህርት ቤት። የምንገናኘው ትሪው ዙሪያ ነው። አባቴ ባርከው ይቆርሳሉ፤ ከዚያ ወሬ ይጀመራል፤ ወሬውም የእሳቸው ነው። ስለ ወንዙ ሙላት፣ ስለ ድሮው ባቡር፣ ዛሬ የገላን ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት የጤፍ ማሳ ሳለ ስለተሠራበት ጉድ። እሳቸው ወደ ወንበሩ ከሄዱ በኋላ ቦታቸው ክፍት ቀረ። ማንም አልደፈረውም። ልጄ ሦስቴ ጎርሳ ወደ ስልኳ ትመለሳለች። ባለቤቴ ዝም ብሎ ይበላል። ከመስኮቱ በኩል የማንኪያ ድምፅ ይሰማል። አባቴ እንጀራ በማንኪያ ሲበሉ እስከዚያ ጊዜ አይቼ አላውቅም ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እንዲህ ነው። ስኳሩን ላወርድ ብዬ አባቴን ጣልኩ። ይመለሱ ብዬ ያልሞከርኩት የለም። "ዛሬ ሽሮ ነው አባዬ፣ ሽሮ ምንም አይልም፤ ይምጡ ከእኛ ጋር" እላቸዋለሁ። "ስኳሩስ?" ይሉኛል። "ሽሮ እኮ ነው።" "ተይኝ ልጄ፣ ስኳሩ።" ቃሉን የሰጠኋቸው እኔ፤ የሚመልሱልኝ እሳቸው።

ድንቹ የመጣው በዚህ መሀል ነው። አብራኝ የምትሠራ ሳቂታ ሴት አለች፤ ባሏ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ባለ የአበባ እርሻ ይሠራል። እዚያ የነበረ አንድ ፈረንጅ ለራሱ ማዕድ የተከለውን ለሠራተኞቹ አካፍሎ ነበርና በእሷም ጓሮ በቅሏል። አንድ ቀን ምሳ ዕቃዋን ከፍታ አቀረበችልኝ። መልኩ ዝንጅብል ነው፤ ጉብጥብጥ ያለ፣ ጣት ጣት ያወጣ። "ድንች ነው?" ብላት "ከላይ የሱፍ አበባ ነው፣ ከታች ድንች። የስኳር ሰው ይበላዋል፤ እንደ ድንቹ አይጎዳም አሉ" አለችኝ። ቀመስኩት። ከድንች ለስለስ፣ ከለውዝ ሳሳ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ጣፈጥ የሚል ነገር ነው። "ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ብቻ ብዪ፣ ሆድ ይነፋል" አለችኝ። የነገሩኝን የምሰማ ሰው ብሆን ኖሮ በሕይወቴ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር። ምሳ ዕቃውን ጨረስኩት። ከሰዓት በኋላ በማሽኖቹ መሀል ቆሜ ያሳለፍኩትን ሦስት ሰዓት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ደግነቱ የስፌት ማሽን ይጮኻል።

ያም ሆኖ ማታ በሰርቪሱ ስመለስ ሌላ ነገር አላሰብኩም። አባቴ ከምግብ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት የድንች አልጫ ነው። እሳቸውም እኛም ሳንለካና ሳንፈራ የምንበላው አልጫ ከተገኘ ለብቻ የሚቀርብበት ምክንያት ምን ይሆናል? ነርሷን ጠየቅኳት። "መድኃኒት አድርገሽ እንዳታዪው፤ ኪኒናቸውን እንዳያቋርጡ። በልኩ ከሆነ ግን ከድንቹ ይሻላቸዋል" አለችኝ። ለእኔ በቂ ነበር። አባቴን ወደ ትሪው የምመልስበት መንገድ አገኘሁ ብዬ አመንኩ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሰባት ፍሬ በፌስታል ይዤ ገባሁ። አባቴ አንዱን ተቀብለው በጣታቸው አገላበጡት። "ዝንጅብል ነው?" አሉ። አይደለም፣ ድንች ቢጤ ነው፣ ፈረንጆቹ በኢየሩሳሌም ስም ነው አሉ የሚጠሩት አልኳቸው። "እኔ ሳልሳለም ድንቹ ተሳልሞ መጣ?" አሉና ሳቁ። ከኢየሩሳሌም የመጣ እንኳ አይደለም፣ ስሙ ብቻ ነው ብላቸው "ስሙ ይበቃዋል" አሉ። ሲስቁ ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር።

የጓሯችን አፈር ጥቁር ነው። ክረምት ጫማ ያስቀራል፤ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እንዲህ ላለ አፈር አመድና ፍግ ነው መድኃኒቱ ብለው አባቴ ላም ከሚያረባው ሰው ፍግ አስመጡ። በአንዱ አጥር ሥር እንደ ሁልጊዜው በቆሎ፣ በሌላው አጥር ሥር ሰባቱን ፍሬ ተከልን። ተንበርክከው ርቀቱን በስንዝር ለኩ፣ ጉድጓዱን በጣታቸው አበጁ፣ ፍሬውን አስቀመጡ። ዝናቡ እስኪይዝ ድረስ በፈረቃ የምታገኘንን የቧንቧ ውሃ በጀሪካን እየቀነስኩ አጠጣሁ። የወንዙ ውሃ ቅርብ ነው፤ ግን ስንት ፋብሪካ ያጠበውን ውሃ ለአባቴ ምግብ አላጠጣም።

ክረምቱ ሲገባ ጉድ አየን። በሐምሌ ወገብ ደረሰ፣ በነሐሴ አጥሩን አለፈ። ቅጠሉ ሻካራ፣ አገዳው ቀጥ ያለ ወፍራም። መንገደኛ ቆሞ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላል። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ጫፍ ጫፉ ላይ ቢጫ አበባ ፈነዳ፤ አደይን የሚመስል፣ ግን ከአደይ ሰፋ ያለና ከሰው ቁመት በላይ። ያን ክረምት ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ጓሮ ደርሼ ሳላየው አልሄድም ነበር። የማየው አበባውን አይደለም። ከሥሩ ስላለው፣ በኅዳር ስለማወጣው፣ በትሪው ስለማቀርበው ነው የማስበው።

አባቴ በዚያ ክረምት ቤት ቤት አበዙ። ዳዊታቸውን መግለጥ ትተው በቃላቸው ይደግሙ ጀመር፤ "በቃሌ የማውቀውን ምን ያስገልጠኛል" ይላሉ። ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሱታል። እርጅና ነው አልኩ። ሲመሽ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ቀሩ፤ ብርዱን ፈርተው ነው አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

የደመራ ዕለት ጠዋት፣ መስከረም አሥራ ስድስት፣ ወደ ሥራ ልወጣ ስል "የሰፈሩ ደመራ አገዳ ጎድሎታል አሉ፤ በቆሎውን ቆርጬ እሰጣቸዋለሁ" አሉኝ። እሸቱን በልተን ጨርሰን ነበር፤ አገዳው ብቻ ቆሞ መድረቅ ጀምሯል። "ጥሩ ነው፤ ቦታውም ይለቀቃል" ብያቸው ወጣሁ።

ከሰዓት ስመለስ በቆሎው እንደ ቆመ ነው። በሌላው አጥር በኩል ሰማይ ይታያል። ሰባቱም ከጉልበት በታች ተቆርጠው ጉቶ ጉቶው ቀርቷል። አባቴ ማጭዳቸውን እንደ ያዙ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ አበባው ሳይረግፍ አገዳውን በገመድ እያሰረ ነው። ሲያየኝ "ጋሼ ዘንድሮ ደመራችንን አደይ በአደይ አደረጉት" አለኝ፤ በደስታ ነው የሚያወራው።

ያን ጊዜ የሆንኩትን መደበቅ አልችልም። "አባዬ፣ ምን አደረጉ? በቆሎው እዚያ ቆሞ! አይታይዎትም እንዴ?" ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ መንገድ ድረስ ወጥቷል። በቤታችን አባቴ ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው የለም፤ እናቴ እንኳ ስትቆጣ በሹክሹክታ ነበር። ጎረቤታችን ዓይኑን ወደ ገመዱ መለሰ። አባቴ ማጭዱን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ "የኢየሩሳሌም ነው ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ለመስቀል ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?" አሉ። ጎረቤታችን ሳቀ። "እውነትዎን ነው ጋሼ" ብሎ እስሩን ተሸክሞ ወጣ። እኔ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ማታ ደመራው ሲለኮስ እርጥብ አገዳ መሆኑን ማንም አላሰበበት ኖሮ ከመንደድ ይልቅ ይጨስ ጀመር። ሰፈሩ በሙሉ አሳለው፤ ቄሱም ሳይቀሩ። ደመራው በየት በኩል እንደ ወደቀ እንኳ ከጭሱ የተነሣ ያየ ሰው የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያከራክር ይኖራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ያን ቀን ግን ቆሜ ስመለከት ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ሆን ብለው ነው። ወደ ትሪው መመለስ ስለማይፈልጉ፣ ከእኛ ጋር መብላት ስለ ጠሉ፣ የምለምንበትን ነገር ከሥሩ ቆረጡት አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ያንን ሐሳብ ይዤ ከወር በላይ ከረምኩ። "ምሳዎ ቀርቧል" እላለሁ፤ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። በቃ። ይቅርታ አልጠየቅኩም። የበደሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ይጠይቁኝ እያልኩ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ታሪኩን ስትሰማ እንደ ልማዷ ሳቀች። "ከላይ ተቆረጠ እንጂ ከሥሩ አልተነቀለ። ትንሽም ቢሆን አይጠፋም፤ ቆፍሪው" አለችኝ። የኅዳር መጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዶማዬንና ባልዲዬን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ዶማው ሁለት ጊዜ እንዳረፈ አባቴ ግድግዳውን ይዘው መጡ። "በዶማ ነው እንዴ? ትወጊዋለሽ። በእጅ ነው የሚወጣ" አሉ። አጠገቤ ተንበረከኩ።

ለሁለት መቆፈር ጀመርን። አፈሩ ገና እርጥበት አለው፤ ይፈረፈራል። እጃቸው ሲሠራ ማየት ቁጣዬን አስረሳኝ። ጣታቸው አፈር ውስጥ ገብቶ ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ ፍሬውን ከሥሩ ፈልፍሎ አንዲት ሳይሰብር ያወጣል። ትናንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከአውራ ጣት አይበልጡም። አፈሩን በመዳፋቸው አሽተው ያራግፉና በግራቸው ካለው ባልዲ ውስጥ ያኖሩታል። እኔ ከወዲያ በኩል ስለ ራቀኝ ባልዲውን አንሥቼ ወደ ራሴ አመጣሁት። አልነገርኳቸውም፤ አንነጋገርምና።

አባቴ ቀጣዩን ፍሬ አውጥተው አራግፈው በግራቸው አኖሩት፤ በባዶው መሬት ላይ። የሚቀጥለውንም። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም፣ በጥንቃቄ፣ እንደ እንቁላል እያስቀመጡ። መጀመሪያ ንዴታቸውን መግለጫ መሰለኝ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት። ፊታቸው ላይ ንዴት የለም፤ ሥራ የያዘ ሰው ፊት ነው። በእጄ የነበረውን ትልቁን ፍሬ ዝም ብዬ ወደ ፊታቸው ዘረጋሁላቸው። አንድ ክንድ አይርቅም። አልተቀበሉኝም። አላዩትም።

"አባዬ" አልኩ። "ባልዲው የት ነው?"

እጃቸው አፈር ውስጥ እንዳለ ቆመ። "አንሥተሽዋል ማለት ነው" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዳር ዳሩ አለ። መሀል መሀሉ ነው የጠፋብኝ" አሉ፤ ስለ አንድ ያረጀ ማሽን እንደሚያወሩ ነው። "ሰው ሲመጣ ሰው መሆኑን አያለሁ። አንቺ መሆንሽን የማውቀው በእርምጃሽ ነው፤ ትቸኩያለሽ።"

ስለ ደመራው ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ከአጥሩ ጫፍ ጀምሬ እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ አጥሩን ተሳስቼዋለሁ አሉ። ሦስተኛውን ሲቆርጡ እጃቸው አውቆታል፤ ቅጠሉ ሻካራ ነው፣ የበቆሎ አይደለም። "ጎረቤታችን ግን በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። 'ተሳሳትኩ' ብል 'እንዴት ይሳሳታሉ?' ይለኛል።"

"ስለዚህ ሁሉንም ቆረጡት?"

"ሁሉንም ከቆረጥኩት ስህተት አይመስልም ብዬ ነው።"

ሰሃኑን ስታመጪልኝ ገላገልሽኝ አሉኝ ደግሞ። ትሪው ላይ እጃቸው ከሰው እጅ ጋር ይጋጭ ጀምሮ ነበር። ወጡ የቱ ጋ እንዳለ መገመት ነበረባቸው፤ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ጣታቸው ባዶ እንጀራ ላይ ያርፋል። በፋሲካ ከልጄ ፊት ያለውን እንቁላል የእሳቸው መስሏቸው አንሥተው በልተዋል። "ልጅ አየችኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም" አሉ። ጎድጎድ ያለው ሰሃን ጠርዝ አለው፣ ማንኪያው ጠርዙን ይዞ ይሄዳል፣ ከማንም ጋር አይጋጭም። እኔ ትሪ እያልኩ በለመንኳቸው ቁጥር እሳቸው የሚሰሙት ያንን እፍረት ነበር።

አለቀስኩ። እጄ አፈር ስለነበረ ፊቴን በክንዴ ነው የጠረግኩት። አይታይዎትም እንዴ ብዬ ሰው ፊት የጮኽኩባቸው እኔ ነኝ። ከሜትር ርቀት አንዲት የዘለለች ስፌት የምታገኝ፣ በዚህም ደመወዝ የሚከፈላት ሴት፣ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩትን የአባቷን ዓይን አላየችም። "ይቅር ይበሉኝ አባዬ" አልኳቸው። "እኔም ደብቄአለሁ፤ እኩል ነን" አሉ። ከዚያ "ለሰፈር አይወራ" አሉኝ። አላወራሁም። ይህን ስጽፍ አንብቤላቸው "ስም ከሌለበት ጻፊው" ብለው ፈቅደውልኛል።

ለልጄ ማታ ስነግራት ወደ መሬት አየች። ታውቅ ነበር። አያቷ ገና ከእኛ ጋር ሲበሉ፣ እኛ ሳናይ ወጡን በጣቷ ወደ እሳቸው እጅ ገፋ ታደርግላቸው ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ብላት "አንቺ ሰሃን ትገዣለሻ" አለችኝ።

በሳምንቱ ሳሪስ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጅም ጊዜ ወስዶ መረመራቸው። ስኳሩ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጨረር ሕክምና ለማቆየት እንሞክራለን አላቸው። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ አላለም፤ እኔ ግን ሰማሁት። አባቴ አመስግነው ወጡ። ታክሲ ውስጥ ክንዴን ያዙ፤ እስክንወርድም አልለቀቁትም። ድሮ እኔ ነበርኩ እንዲያ የምይዛቸው።

ከጓሮ ያወጣነው ግማሽ ባልዲ አይሞላም። ለዘር ጥቂቱን መልሰን ቀበርን። የቀረውን ከክሊኒኩ በኋላ በነበረው እሑድ ልሠራው ተነሣሁ፤ የነቢያት ጾም ገብቷልና በዘይት ነው። ልጣጩን መላጥ የማይታሰብ ነው፤ ጉብታው ቢላ አያስጠጋም። በብሩሽ ፈትጌ አጠብኩት። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድ ጨምሬ፣ በመጨረሻ ፍሬውን ለሁለት ለሁለት ከፍዬ ጣልኩት። ለትንሽ ደቂቃ ዞር ካልሽ ገንፎ ይሆናል፤ ስለዚህ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩት። ቃሪያ አደረግኩበትና አወረድኩ። የፋብሪካውን ከሰዓት በኋላ አልረሳሁምና ለእያንዳንዳችን ጥቂት ጥቂት ብቻ እንዲደርስ አድርጌ ነው የሠራሁት።

ትሪውን አቀረብኩ። ምስሩን በአንድ በኩል፣ ጎመኑን በሌላ በኩል፣ አልጫውን መሀል ላይ አወጣሁ። ይምጡ አላልኳቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ይምጡ ብያቸው አላውቅም። እጃችንን ስንታጠብ ውሃውን ሰሙ መሰለኝ፣ ከወንበራቸው ተነሡ። ግድግዳውን ይዘው መጡና በድሮ ቦታቸው ተቀመጡ። ልጄ ውሃውን አፈሰሰችላቸው። ባርከው ቆረሱ።

ከዚያ እጃቸው ትሪው ላይ ተዘርግቶ አየር ላይ ቆመ። ባለቤቴ ወደ ግድግዳው አየ። እኔ እጃቸውን ይዤ ልመራቸው ቃጣሁና ተውኩት። ድሮ ቢሆን ይገምቱ ነበር፤ ቢሳሳቱም ባዶውን እንጀራ ጎርሰው ምንም እንዳልሆነ ሰው ያኝኩ ነበር።

"አልጫው በየት በኩል ነው?" አሉ።

ልጄ እንጀራዋን እየቆረሰች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ከፊትዎ አባባ፣ ትንሽ ወደ ግራ" አለቻቸው።

አባቴ በሕይወታቸው ሰው መንገድ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። ጠየቁ፣ ተነገራቸው፣ በሉ።